ዘይት ቀይሮ መሸኘት ጥገና አይደለም

ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ሻያችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። አሜሪካ ውስጥ በሹፍርና የሚተዳደር ዘመድ ወይም ጓደኛ ያላችሁ ደግሞ እስከ መጨረሻው አንብቡትና ላኩለት።

ዛሬ የምጽፈው ስለ ኤስካሌድ ነው። ስለ ዩኮን፣ ስለ ታሆና ስለ ሰበርባንም ጭምር። «ፖለቲካው አልቆብህ ነው ወደ ሀብታም መኪና የዞርከው?» የሚለኝ አይጠፋም። ነገሩ ግን የሀብታም ብቻ አይደለም። ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አካባቢ ጥቁር ኤስካሌድ ወይም ጥቁር ሰበርባን ደለስ አየር ማረፊያ በር ላይ ቆሞ ካያችሁ፣ መሪውን የያዘው ሰው የእኛው አገር ልጅ ቢሆን የሚገርመው የለም። ከኋላ የሚቀመጠው ጠበቃና ባለሀብት ነው። ከፊት ያለው ግን መኪናውን በብድር ገዝቶ፣ የወር ክፍያውንና ኢንሹራንሱን ችሎ፣ ከተረፈው ደግሞ አገር ቤት ላሉ እናቱ የሚልክ ሰው ነው። ለኋለኛው መኪናው ምቾት ነው። ለፊተኛው በሬው ነው። በሬው የሞተበት ገበሬ ምን እንደሚገጥመው ለሐበሻ ማስረዳት አያስፈልግም።

እንግዲህ ስለዚህ በሬ እናውራ።

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 ጀነራል ሞተርስ ኤል 87 የሚባለውን 6.2 ሊትር ቪ8 ሞተር የያዙ መኪኖችን ሪኮል አደረገ። ከ2021 እስከ 2024 ሞዴል ያሉት ካዲላክ ኤስካሌድ፣ ጂኤምሲ ዩኮንና ሲየራ፣ ሼቭሮሌት ታሆ፣ ሰበርባንና ሲልቨራዶ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ብቻ 597,630 መኪኖች፤ የሌሎች አገሮቹ ሲደመሩ ወደ 721 ሺህ። ከነዚህ መኪኖች በአንዳንዶቹ ላይ 5.3 ሊትር ሞተርም ይገጠማል፤ እሱ በዚህ ሪኮል ውስጥ የለም። ስለዚህ ሰበርባን የያዘ ሁሉ አይደንግጥ፤ መጀመሪያ ሞተሩን ይለይ።

ችግሩን ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ሶማሌ ተራ ሁለት ቀን የዋለ ሰው ይገባዋል። ፒስቶኑ ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል። ቤላው ፒስቶኑን ከክራንክሻፍቱ ጋር ያያይዘዋል። ቤላው ክራንክሻፍቱን በሚጨብጥበት ቦታ ላይ ብሮንዝ አለ። ብሮንዙና ክራንክሻፍቱ ብረት ለብረት እንዳይፋጩ የሚለያቸው እጅግ የቀጠነ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። ያ ሽፋን ከተቀደደ ብሮንዙ ይበላል፣ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል፣ ከዚያ ወይ ይነክሳል ወይ ቤላው ተሰብሮ የሞተሩን ብሎክ በስቶ ይወጣል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ መኪናው ቆሞ ሳይሆን እየሄደ ነው።

ታዲያ ሽፋኑን ምን ቀደደው? ኩባንያው ራሱ ለመንግሥት ያቀረበው መልስ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በቤላዎቹና በክራንክሻፍቱ የዘይት መተላለፊያ ቀዳዳዎች ውስጥ ከፋብሪካ የቀረ ደቃቅ ቆሻሻ። ሁለተኛ፣ መጠናቸውና የገጻቸው ልስላሴ ከተፈቀደው ልክ የወጣ ክራንክሻፍቶች። ልብ በሉ፤ «ባለቤቱ ዘይት በጊዜው አልቀየረም» የሚል ቃል የለበትም። «ሾፌሩ መኪናውን አጎሳቆለው» የሚልም የለበትም። ጥፋቱ የተሠራው መኪናው ከፋብሪካ ሳይወጣ ነው። ከኛ ሰዎች መካከል «እሱ እኮ አያያዝ ስለማያውቅ ነው» እያሉ በተጎዳ ወንድማቸው ላይ የሚፈርዱ አሉ። እባካችሁ ይቅርባችሁ።

አሁን ወደ መፍትሔው እንምጣ፤ የኔም ጠብ ከዚህ ይጀምራል።

መኪናው ዲለር ጋ ይሄዳል፣ ይመረመራል። ምርመራውን ከወደቀ ሞተሩ ይጠገናል ወይም ይቀየራል። መልካም። ካለፈስ? ቀድሞ ይጠቀምበት የነበረው ዜሮ ደብሊው 20 ዘይት ወጥቶ ወፈር ያለው ዜሮ ደብሊው 40 ይሞላለታል። ማጣሪያው ይቀየራል። አዲሱን የዘይት ዓይነት የሚናገር አዲስ ክዳን ይገጠምለታል። የባለቤቱ መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ አንዲት ገጽ ትጨመራለች። ከዚያ «በሰላም ሂድ» ይባላል።

አስቡት። ኩባንያው ጥፋቱ ቆሻሻና ልኩን ያልጠበቀ ክራንክሻፍት ነው ብሏል። መድኃኒቱ ግን ክራንክሻፍቱን አይነካም፣ ቤላውን አይነካም፣ ብሮንዙን አይነካም። ወፈር ያለ ዘይት ሽፋኑን እንደሚያጠነክር አልክድም፤ የሚረዳው ሞተርም ይኖራል። ግን ዘይት ቀዳዳ ውስጥ የተቀረቀረ ብናኝን ከሞተር አያስወጣም፣ ልኩን የሳተ ብረትንም ልክ አያስገባም። የተሰነጠቀን ግድግዳ ወፍራም ቀለም ቀብቶ «ጠግኜዋለሁ» እንደ ማለት ነው። ስንጥቁ አይታይም፤ ግድግዳው ግን ያው ግድግዳ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? የአሜሪካ ሕግ አምራቹ ለደህንነት ጉድለት ከሦስት አንዱን እንዲያደርግ ያዛል፦ መጠገን፣ መኪናውን መተካት፣ ወይም ገንዘቡን መመለስ። ከሦስቱ የትኛውን እንደሚያደርግ የሚመርጠው ግን አምራቹ ራሱ ነው። አጥፊው የቅጣቱን ዓይነት ሲመርጥ ቀላሉን ቢመርጥ ምን ይገርማል?

«ችግሩ ያለባቸው እኮ 3 በመቶ ብቻ ናቸው» የሚል መልስ ይመጣል። እውነት ነው፣ የኩባንያው ግምት 3 በመቶ ነው። እስቲ እናስላው። ከ597,630 ውስጥ 3 በመቶ ማለት ወደ 18 ሺህ ሞተር ነው። ኩባንያው በዚያው ሰነድ ላይ ከ2021 ጸደይ እስከ 2025 መጀመሪያ ድረስ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከነዚህ ክፍሎች መበላሸት ጋር ሊያያዙ የሚችሉ 28,102 አቤቱታዎችና ክስተቶች እንደደረሱት አስፍሯል። ከነዚህ 14,332ቱ መኪናው እየሄደ ኃይል አጣ የሚሉ ናቸው። 12 ግጭትና 12 ጉዳትም ተመዝግቧል። 28,102 ከመኪኖቹ ብዛት አንጻር 4.7 በመቶ ገደማ ይሆናል። አንድ መኪና ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዱ አቤቱታም ከሌላ ብልሽት የመጣ ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉ ብንቀንስለት እንኳ፣ ገና ያልተበላሹትን ጨምሮ «3 በመቶ ብቻ» ማለት በጣም ለራስ ያዳላ ግምት ነው። ደግሞስ የቀሩት መኪኖች ዕድሜያቸው ገና ነው። ዛሬ ምርመራ ያለፈ ሞተር በ120 ሺህ ማይል ላይ ምን እንደሚሆን ማን ዋስ ይሆናል?

ከቁጥሮቹ ሁሉ ያስደነገጠኝን ልንገራችሁ። የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር፣ ሾፌሮች በአጭሩ «ኒትሳ» የሚሉት መሥሪያ ቤት፣ በጃንዋሪ 2025 ምርመራ ሲከፍት በእጁ የነበረው የባለቤቶች አቤቱታ 39 ነበር። ሠላሳ ዘጠኝ! ኩባንያው ዘንድ ግን 28,102 ተከማችቶ ነበር። ሰው መኪናው ሲሞትበት የሚሮጠው ዲለር ጋ ነው፤ መንግሥት ጋ ማመልከት ትዝ አይለውም። ስለዚህ ዳኛው ከቁና እህል ጥቂት ፍሬ ይዞ ሲጠይቅ፣ ተከሳሹ ጎተራውን ሙሉ ይዞ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

አላወቅንም ሊሉም አይችሉም። ኩባንያው ራሱ ባቀረበው የጊዜ ቅደም ተከተል መሠረት ይህንኑ ጉዳይ በ2022፣ በ2023 እና በ2024 ከፍቶ መርምሮ ዘግቶታል። ሦስት ጊዜ ፋይሉ ተከፈተ፣ ሦስት ጊዜ ተዘጋ። ሪኮሉ የመጣው መንግሥት በሩን ካንኳኳ በኋላ ነው። በመካከሉ ያሉትን ዓመታት አስቡ። በነዚያ ዓመታት ስንቱ ሰው ይህንኑ ሞተር በአዲስ ብድር ፈርሞ ወሰደ?

ይህ ኩባንያ ታሪክም አለው። በ2014 የመኪና ማስነሻ ቁልፍ ማብሪያው በጉዞ ላይ ሞተር እያጠፋ፣ ኤርባግ እንዳይሠራ እያደረገ ሰው መግደሉ ታወቀ። በኩባንያው ውስጥ ችግሩን የሚያውቁ ሰዎች ከአሥር ዓመት በላይ ነበሩ። የካሳ ፈንዱ በመጨረሻ 124 ሞቶችን አመነ። በ2015 ኩባንያው ከአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጋር 900 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከዚያ በኋላ «ባህላችንን ቀይረናል» ተባለ። የባህል ለውጥ የሚለካው አቤቱታ ሲመጣ በሚወሰደው ጊዜ ከሆነ፣ ከ2021 እስከ 2025 ያለው አራት ዓመት ምን ይባላል?

«ሞተር ብቻ ነው፣ ሌላው ደህና ነው» እንዳትሉ ደግሞ ወደ ካምቢዮው እንሂድ። በ2024 መጨረሻ ይኸው ኩባንያ ባለ 10 ማርሽ ካምቢዮ ያላቸውን 460 ሺህ ገደማ የናፍጣ መኪኖች ሪኮል አደረገ፤ የ2021 ናፍጣ ኤስካሌድ፣ ታሆና ሰበርባን አሉበት። በካምቢዮው ውስጥ ያለ የመቆጣጠሪያ ቫልቭ ከጊዜ በኋላ ስለሚያልቅ፣ ማርሽ ሲቀንስ የኋላ ጎማዎች ለቅጽበት ሊቆለፉ ይችላሉ። በሃይዌይ ላይ የኋላ ጎማ ተቆለፈ ማለት ምን ማለት እንደሆነ መንዳት የሚችል ሁሉ ያውቃል። መፍትሔው ምን ሆነ? አዲስ ሶፍትዌር። ሶፍትዌሩ የቫልቩን ማለቅ 10 ሺህ ማይል ያህል አስቀድሞ ያውቃል፤ ሲያውቅ ካምቢዮው ከ5ኛ ማርሽ በላይ እንዳይሄድ ያደርጋል። ከዚያ ባለቤቱ ዲለር ጋ ይሄዳል። የሚያልቀው ቫልቭ ግን እስኪያልቅ ድረስ እዚያው ነው። ዘይቱም ሶፍትዌሩም አንድ ዓይነት አስተሳሰብ ነው፦ ክፍሉን አትቀይር፣ ቀኑን አራዝም።

እዚህ ላይ የኛ ሰው ፈገግ ብሎ «እኔስ ቶዮታ ነው የምይዘው» ይላል። ጎሽ። ግን ቶዮታም ከዚህ አልዳነም። በሜይ 2024 ወደ 102 ሺህ የሚጠጉ ቱንድራና ሌክሰስ ኤልኤክስ መኪኖች ሪኮል ተደርገዋል፤ ምክንያቱ ሞተር ውስጥ የቀረ የፋብሪካ ፍርፋሪ ነው፤ የሚጎዳውም ያው የክራንክሻፍቱ ብሮንዝ ነው። ልዩነቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቶዮታ የነዚያን መኪኖች ሞተር እቀይራለሁ አለ። ወፍራም ዘይት ሞልቶ አላሰናበተም። በኖቬምበር 2025 ደግሞ ሌላ 127 ሺህ ገደማ ጨመረ፤ ስለዚህ መላእክት ናቸው እያልኩ አይደለም። ነገር ግን «ሞተር መቀየር አይቻልም፣ ብዙ ነው» ለሚል መከራከሪያ መልሱ ይኸው ነው። በመቶ ሺህ ይቻላል።

አሁን ወደ ሾፌሩ እንመለስ፤ ሒሳቡ የሚከፋው እሱ ላይ ነውና።

ኩባንያው ምርመራ ላለፉ ሞተሮች ልዩ ዋስትና ሰጥቷል፦ 10 ዓመት ወይም 150 ሺህ ማይል፣ ከሁለቱ የቀደመው። ሲሰማ ጥሩ ነው። ቅዳሜ ልጆቹን እግር ኳስ ለሚያደርስ ሰው 10 ዓመት 10 ዓመት ነው። በቀን 200 ማይል፣ በዓመት 250 ቀን ለሚሠራ የብላክ ካር ሾፌር ግን ይህ 50 ሺህ ማይል በዓመት ነው። 10 ዓመት የተባለው ዋስትና በ3 ዓመት ያልቃል። ብዙ ጊዜ የመኪና ብድር ከዚያ ይረዝማል። ዋስትናው አልቆ ዕዳው ይቀጥላል ማለት ነው።

የክልሎቹ የሸማች ሕግስ? «ሌመን ሎ» የሚባለው በሜሪላንድም በዲሲም የሚሸፍነው የመጀመሪያዎቹን 2 ዓመታት ወይም 18 ሺህ ማይል ነው። ሾፌራችን 18 ሺህ ማይልን የሚያልፈው በአምስተኛው ወር ነው። የቨርጂኒያው 18 ወር ይሰጣል፤ ግን የሚጠብቀው በጉልህ ድርሻ ለግል፣ ለቤተሰብ ወይም ለቤት አገልግሎት የሚውል መኪናን ነው። ሕጎቹ የተጻፉት ለሚዝናናበት ሰው ነው። እንጀራ ለሚበላበት ሰው በሩ ጠባብ ነው።

ደግሞ ሪኮል የሚከፍለው ጥገናውን እንጂ የጠፋውን ቀን አይደለም። ሞተር እስኪመጣ መኪናው ዲለር ግቢ ሲቆም የሾፌሩ ገቢ ይቆማል። የወር ክፍያው አይቆምም። ኢንሹራንሱ አይቆምም። የቤት ኪራዩ አይቆምም። ተለዋጭ መኪና ቢሰጡት እንኳ ለንግድ ሥራ የተመዘገበች ስላልሆነች ሰው ጭኖባት አይሠራም። የነዚህ ሞዴሎች ኤስካሌድ አዲስ ሲወጣ መነሻ ዋጋው ራሱ 80 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ያን ያህል አስከፍሎ ለሸጠ ኩባንያ የአንድ ሠራተኛ የቆመ ገቢ መክፈል የሚከብደው ለምንድን ነው? አይከብደውም። የጠየቀው ስለሌለ ነው።

አዎ፣ አሁን ወደ ራሳችን መጣሁ። የማትወዱትን ልናገር።

እኛ አቤቱታ አንጽፍም። በቡና ቤት እንናገራለን፣ በስልክ እናማርራለን፣ ለወዳጅ «ሞተሬ ነከሰ፣ ሰው አይግዛው» እንላለን። ወረቀት ላይ ግን አናሰፍርም። «እንግሊዝኛዬ አይበቃም»፣ «ጣጣ ያመጣብኛል»፣ «ከትልቅ ኩባንያ ጋር ምን ያጣላኛል» እንላለን። የሚያሳዝነው ደግሞ ሌላው ነገር ነው፦ ሞተሩ ማንኳኳት ሲጀምር ዘይት አወፍሮ፣ አጥቦ፣ አሳምሮ ለሌላ ሐበሻ መሸጥ። «እሱ ይወቀው» ብሎ። ኩባንያው በኛ ላይ ያደረገው እኮ ይኸው ነው! ወፍራም ዘይት ሞልቶ መሸኘት። እኛም ለወንድማችን ይህንኑ ካደረግን ከኩባንያው በምን እንሻላለን? እንደውም እንብሳለን፤ ኩባንያው ቢያንስ ሪኮል ብሎ ስሙን ጽፏል።

ወደ አገር ቤትም ይሄዳል ነገሩ። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ የግል መኪና ማስገባት ከልክላለች፤ ከዚያ በፊት ከአሜሪካና ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የገቡት ግን መንገድ ላይ ናቸው። የሪኮል ደብዳቤ የሚላከው ለተመዘገበ ባለቤት ነው። ባሕር ተሻግሮ ቦሌ የደረሰን መኪና ደብዳቤው አይከተለውም። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ሞተር የያዘ ሰው ማንም «ተጠንቀቅ» አይለውም። የሻሲ ቁጥሩን ራሱ ካላየ አያውቅም።

ስለዚህ ከማማረር ወደ ሥራ እንግባ።

1. በመስታወቱ ሥር የተጻፈውን ባለ 17 ፊደልና ቁጥር የሻሲ መለያ ውሰዱና በኒትሳ ገጽ ላይ አስገቡት። ነጻ ነው። ያልተሠራ ሪኮል ካለ ይነግራችኋል።

2. ሞተሩ ካንኳኳ፣ ኃይል ካጣ ወይም ከቆመ አቤቱታውን ለዲለር ብቻ አትንገሩ። ለኒትሳ በድረ ገጽ ወይም በ888-327-4236 አስመዝግቡ። ሪኮሉ ተሠርቶላችሁ ዘይት ተቀይሮ ከዚያ በኋላ ከተበላሸ ደግሞ በተለይ ይህንኑ ጻፉ። «መፍትሔው አልሠራም» የሚለውን የሚያረጋግጠው የናንተ መዝገብ ብቻ ነው። እንግሊዝኛ የሚያስቸግረው ሰው ካለ ኮሌጅ የገባች ልጁ በግማሽ ሰዓት ትጽፍለታለች።

3. ደረሰኝ አትጣሉ። የዘይት ቅያሬ፣ የመጎተቻ፣ የጥገና ወረቀት ሁሉ ያዙ። ከሪኮሉ በፊት ከኪሳችሁ ለዚሁ ብልሽት ከከፈላችሁ አምራቹ የሚመልስበት ሥርዓት አለ፤ ያለ ወረቀት ግን ማንም አይሰማችሁም።

4. ስትሸጡ ተናገሩ። ስትገዙ ጠይቁ። «ሪኮሉ ተሠርቷል» ማለት ሞተሩ ተቀይሯል ማለት ላይሆን ይችላል፤ ዘይት ብቻ ተቀይሮም «ተሠርቷል» ይባላል። ወረቀቱን አሳየኝ በሉ።

5. የሾፌር ማኅበር ያላችሁ፣ ዕቁብ ያላችሁ፣ እድር ያላችሁ፦ አንድ ላይ ጻፉ። ሠላሳ ዘጠኝ አቤቱታ ምርመራ ካስከፈተ፣ ከአንድ ከተማ የሚመጣ መቶ ፊርማ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አስቡት።

የምንጠይቀውም ግልጽ ይሁን። ምርመራ ያለፈ ሞተር ሁሉ በዘይት ብቻ አይሸኝ፤ ክፍሎቹ ከተበላሸው ምርት የመጡ መሆን አለመሆናቸው ተለይቶ ለባለቤቱ በጽሑፍ ይነገረው። ዋስትናው ለሥራ መኪና በማይል አይታነቅ። መኪናው ቆሞ ለጠፋ የሥራ ቀን ካሳ ይኑር። ይህ ልመና አይደለም። ሙሉ ዋጋ ከፍሎ የገዛ ሰው የገዛውን ነገር ስጡኝ ማለቱ ነው።

የጀነራል ሞተርስ ጠበቃ ከሆናችሁ ወይም በዘይቱ የዳነ ሞተር ያላችሁ ካላችሁ፣ ኮሜንት መስጫው ክፍት ነው፤ በማስረጃ ኑ። ሞተሩ የነከሰባችሁ ደግሞ ስንት ማይል ላይ እንደሆነ፣ ሪኮሉ ከመሠራቱ በፊት ይሁን በኋላ፣ ዲለሩ ምን እንዳላችሁ ከሥር ጻፉልኝ። ስማችሁን አልፈልግም፤ ማይሉንና ቀኑን ነው የምፈልገው።